ልጁ ከአባቱ ጋር ነው

በሐረር ከተማ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ዣንጥላ ሥር ተቀምጬ የሰው አቤቱታ እየጻፍሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በፊት በኦሊቬቲ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ አሁን በኮምፒዩተር ነው። ሰዉ «ራፖር ጸሐፊ» ይለኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከየትኛውም የሕግ አንቀጽ ይልቅ ደጋግሜ የሰማኋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ይህች ናት፦ «ልጁ ከአባቱ ጋር ነው።»

ፖሊሱ ይላታል። ሽማግሌው ይላታል። ልታጽናና የመጣች ጎረቤት እንኳ ቡናዋን እየጠጣች ትላታለች። ይህች አራት ቃል ከተነገረች ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ከአባቱ ጋር ያለ ልጅ እንዴት ይጠፋል? ያልጠፋን ልጅስ ማን ይፈልገዋል?

እኔ ዛሬ የተነሣሁት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ልጣላ ነው። የሕግ ሊቅ ስለሆንሁ አይደለም። ሆኖም የራፖር ጸሐፊ ወንበር ዳኛውም ጠበቃውም የማያዩትን ያሳያል። ባለጉዳይ ሲገባ ፊቱ ምን እንደሚመስል፣ ሲወጣ ደግሞ ምን እንደሚመስል የማየው እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የጀጎል ሴት መጣች። ባሏ ጅዳ ነበር የሚሠራው። ሁለቱም ፈቅደው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ተፋትተዋል፤ የአምስት ዓመት ወንድ ልጃቸውን የማሳደግ መብት፣ ቃዲዎቹ ሐዳና የሚሉት፣ ለእናቲቱ ተወስኗል። አባትየው ለዒድ መጣ። ልጁን ናፍቋልና ማን ይከለክለዋል? «ድሬዳዋ ወስጄ ልብስ ልግዛለት፣ ማታ እንመለሳለን» አለና ጠዋት ከሚኒባስ መናኸሪያው ተነሡ። ማታ አልመጡም። በማግሥቱም አልመጡም። በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ፤ ከጅዳ። «ደርሰናል፣ ደኅና ነን፣ አታስቢ» አላት።

አታስቢ!

ሮጣ መጣችብኝ። «ጋሼ፣ ጻፍልኝ፤ ወላሂ ምን ብዬ እንደምል አላውቅም» አለችኝ። ጻፍሁላት። ፖሊስ ዘንድ ሄደች፤ ያችው አራት ቃል ጠበቀቻት። ከዚያም «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተባለች። ፍርድ ቤት ሄደች፤ ፍርድ ቤቱማ ቀድሞውኑ ፈርዶላታል፤ ከዚያ በላይ ምን ይፍረድላት? ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዛ አዲስ አበባ ወጣች። አንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው መራት፤ ሌላው «በዚያ አገር ፍርድ ቤት ጠበቃ ያዢ» ብሎ መለሳት። በምን ቪዛ ሄዳ? በምን ገንዘብ? አንድ ቀን ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፤ «ጋሼ፣ ለቤት ሠራተኝነት ብመዘገብስ? ሪያድም ይላኩኝ፣ ጅዳም ይላኩኝ፣ አንድ አገር አይደለም?» የሰው ቤት ልታጥብ ሄዳ ልጇን ልትፈልግ! እኔ አስተውኋት። ደግ አድርጌ እንደሆነ እንጃ።

በኢሞ ታየዋለች። አባትየው ደስ ባለው ቀን ይደውላል። በመጀመሪያው ዓመት ልጁ ያለቅስ ነበር፤ በጌይ ሲናን «አይ፣ አይ» እያለ እናቱን ይጣራ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማልቀሱን ተወ። በሦስተኛው ዓመት በዐረብኛ ይመልስላት ጀመር። እሷ ከቁርኣን የምታውቀው ዐረብኛ አላት፤ የልጅ የጨዋታ ዐረብኛ ግን አይገባትም። ስልኩን ይዛ ወደ አንድ ዐረብኛ የሚችል ነጋዴ ስትሮጥ አይቻታለሁ፤ ልጇ ያላትን ሊተረጉምላት። እንግዲህ ንገሩኝ፤ ይህ ልጅ አልጠፋም?

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። አንባቢ «ሕግ የለንም» ብሎ እንዳያዝን፤ ሕግስ ሞልቶናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። ወላጆቹን ነው የሚለው፤ ከሁለት አንዱን አይልም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን አገራችን የተቀበለችው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። (በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ የሕፃናትን ውል ያስታወሰ ባለሥልጣን ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ።) የዚያ ኮንቬንሽን አንቀጽ 11 መንግሥታት ሕፃናት በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ውጭ እንዳይወሰዱና እዚያው እንዳይቀሩ እንዲከላከሉ፣ ለዚህም ከሌሎች ጋር ስምምነት እንዲያደርጉ ወይም ያሉትን ስምምነቶች እንዲቀላቀሉ ያዛል። በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ያጸደቅነው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በአንቀጽ 29 ሕፃንን መጥለፍን ሲከለክል «በማንም ሰው» ብሎ አያበቃም፤ ወላጆችንና አሳዳጊዎችን በግልጽ ይጨምራል። ያችን አራት ቃል ለሚደጋግሙ ሁሉ ይህን አንቀጽ አትሜ ብሰጣቸው እወዳለሁ።

የሰበር ችሎቱም አልተኛም። በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ አባት አባት በመሆኑ ብቻ ልጅን ይዞ አይሄድም፣ መጀመሪያ የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው ብሏል። ያ ጉዳይ በአገር ውስጥ በአባትና በአክስት መካከል የነበረ ነው፤ ሆኖም መርሁ ያው ነው። እዚሁ አገር ውስጥ ልጅ ቢደበቅ መፈለጊያ አለ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይፈቅዳል፤ ዳኛ «ልጁን ይዘህ ቅረብ» ብሎ ያዛል። ነገር ግን ይህ ሁሉ አካሉ በግዛታችን ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። ልጁ አውሮፕላን ላይ ከወጣ፣ ወይም ደግሞ በጅግጅጋና በቶጎጫሌ በኩል አድርጎ ድንበር ከተሻገረ፣ ሕጋችን ዳር ቆሞ ያያል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኛ ሐረሮች ጅብን በስሙ ጠርተን ሥጋ የምናጎርስ ሰዎች ነን፤ ይህን ተረት ለእኛ ማንም ሊያስረዳን አይገባም።

ለዚህ ለተሻገረው ልጅ ነው እንግዲህ የዓለም መንግሥታት በሔግ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1980 አንድ ስምምነት ያበጁት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሚኖርበት አገር የሌላው ወላጅ መብት ተጥሶ ከተወሰደ፣ ቶሎ ወደነበረበት ይመለስ፤ ማን ያሳድገው የሚለውን የዚያው አገር ዳኛ ይወስን። ስምምነቱ አሳዳጊ አይመርጥም። የሚለው «መልሱትና ከዚያ ተከራከሩ» ነው። በየአገሩ አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ይሰየማል፤ እናት በማታውቀው አገር ጠበቃ ፍለጋ አትንከራተትም፤ የእሷ መሥሪያ ቤት ለዚያኛው ይጽፋል። ፍርድ ቤት በስድስት ሳምንት ካልወሰነ ለምን እንደዘገየ ይጠየቃል። ከመቶ በላይ አገሮች ገብተውበታል። ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌ፣ ዛምቢያ፣ ሞሮኮ፣ ቱኒዝያ አሉበት። ኢትዮጵያ የለችበትም።

ለምን የለችበትም? «ሉዓላዊነት» የሚሉኝን እጠብቃለሁ። መልካም፤ ታዲያ ይህን ስሙልኝ። በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1184 አገራችን የኒው ዮርኩን ስምምነት ተቀበለች፤ በውጭ አገር ግልግል ዳኞች የተሰጠ የንግድ ውሳኔ እዚህ እንዲፈጸም፣ የእኛም እዚያ እንዲፈጸም። ነጋዴ ለብሩ መንገድ ተቀደደለት፤ ያን ጊዜ ሉዓላዊነት አልተነካችም። በ2009 ዓ.ም. ከሳዑዲ አረቢያ ጋር የሠራተኛ ስምምነት ተፈረመ፤ ስለ ቤት ሠራተኞች ከጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1070 የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ ልጆቻችን ለውጭ አገር ሰው በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ ተከለከለ። ያን ሰሞን ስለ ልጆቻችን ማንነት የተነገረው ንግግር ከቶ ብዙ ነበር። የዚህች ሴት ልጅ ማንነቱ በጅዳ እየሟሟ ሲሄድ ግን የተናገረ አልሰማሁም። የቴዎድሮስን ልጅ የዓለማየሁን አጥንት መልሱልን ብለን እስከ እንግሊዝ ቤተ መንግሥት ድረስ ጠይቀናል፣ እንቢ ተብለናልም፤ በመጠየቃችን ደስ ይለኛል። ሥጋ ለብሶ በኢሞ ለሚታየውስ ማን ይጠይቅ?

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር፤ ሌላውን እየወቀስሁ እጄን ታጥቤ ልወጣ አልፈልግም።

ከዚያች ሴት ጉዳይ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ከቶሮንቶ አንድ ሰው መጣ። የሐረር ልጅ ነው፤ በዚያ አገር የእኛ ሰው ብዙ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። የአሥር ዓመት ሴት ልጁን ለክረምት ዕረፍት ብሎ አምጥቶ ከአያቷ ዘንድ አስቀመጣት። ክረምቱ አለፈ፤ ልጅቱ አልተመለሰችም። ፓስፖርቷ ከአባቷ ኪስ ነው። እናቲቱ ከቶሮንቶ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አውጥታ፣ አስተርጉማና አስመስክራ ላከች፤ እዚህ ይፈጸምልኝ ብላ ጠበቃ ቀጠረች። አባትየው ወደ እኔ መጣ።

እኔም ጻፍሁለት። አሳምሬ ጻፍሁለት! የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 ጠቀስሁ። የውጭ አገር ፍርድ እዚህ እንዲፈጸም መጀመሪያ ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆን አለበት፤ እዚያ የኢትዮጵያ ፍርድ እንደሚፈጸም አመልካች አላስረዳችም፣ በሁለቱ አገሮች መካከልም ውል የለም ብዬ። «የሕዝብን ሥነ ሥርዓትና ግብረ ገብ ይቃረናል» የምትለዋንም ጨመርኋት፤ ልጅቱ በባህሏና በሃይማኖቷ እንድታድግ የሚል ሐተታ አያይዤ። ነገሩ ተጓተተ፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። እናቲቱ ገንዘቧ አለቀ። ልጅቱ ቀረች። እኔም የጻፍሁበትን ተቀበልሁ፤ አባትየው ጉርሻ ጨመረልኝ። ከጎረቤት አንድም ሰው «ይህች ልጅ እናት የላትም ወይ?» አላለም። ምን አሉ መሰላችሁ? ከአባቷ ወገን ጋር ናት፤ አገሯ ገባች።

የጅዳው ልጅ እናት መጥታ ስታለቅስብኝ፣ ፍርዷ ለምን እዚያ እንደማይፈጸም ላስረዳት አፌን ስከፍት፣ የወጣው ያ የራሴ አንቀጽ ነበር። «ውል የለንም፤ እነሱም የእኛን፣ እኛም የእነሱን አናስፈጽምም።» ለአባትየው ገንዘብ ተቀብዬ የጻፍሁትን ለእሷ በነፃ ነገርኋት።

እንዲህ ነው የምንኖረው። ሐረር ልጅ ይወሰድባታል፤ ሐረር የተወሰደ ልጅም ትደብቃለች። ግማሹ ቤተሰባችን ጅዳና ሪያድ፣ ቶሮንቶና ሜልበርን በተበተነበት ከተማ ይህ የጥቂት ሰው ጉዳይ አይደለም። አፎቻዎቻችንን አውቃቸዋለሁ፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚያህላቸው የለም። ለዚያች እናት አፎቻዋ ነደባውን ሞልቶ መጥቶላታል፤ አልቅሰውላታል። ልጁን ይዞ ሊጠፋ መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከእነሱ መካከል አልነበረም ብትሉኝ ግን አላምንም። ለሕፃን ፓስፖርት ሲወጣ የልደት ወረቀት ያመጣ አለ፣ ትኬት የቆረጠ አለ፣ ሻንጣ የሸከፈ አለ። በድሮ ዘመን በሬ ሲሰረቅ አፈርሳታ ይወጣ ነበር፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የመንደሩ ሰው ወደ ቤቱ አይገባም። ተካሳሽ እንዳይሸሽ ከከሳሽ ጋር በነጠላ ጫፍ ይቆራኝ ነበር። ለበሬ ይህን ያህል የተጨነቀ አገር ነበርን።

ስምምነቱን የሚቃወሙ ሰዎች አንድ እውነት አላቸው፤ አልክደውም። ልጅ ይዞ የሚሸሸው ሁልጊዜ ጨካኝ አባት አይደለም። ባሏ የሚደበድባት፣ ፓስፖርቷን ነጥቆ የዘጋባት ሴትም ልጇን ታቅፋ ትሸሻለች። ይህችን ሴት ልጅሽን መልሺ ማለት ወደ ዱላው መመለስ ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 13 ለልጁ ከባድ አደጋ ካለ አይመለስም ይላል፤ ዳኞች ግን ይህችን በር በጣም ያጠብቧታል እየተባለ በየአገሩ ይወቀሳሉ፤ ወቀሳው ከንቱ አይመስለኝም። ከገባንም በኋላ ዳኛው ይህን ዓይኑን ከፍቶ ማየት አለበት። ደግሞ ስምምነት ያለው ሁሉ ቶሎ ይፈታል ብዬ አልዋሽም። አሜሪካዊው ዴቪድ ጎልድማን እናቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ወደ ብራዚል የወሰደችውን ልጁን ያገኘው በ2009 መጨረሻ ነው፤ ሁለቱም አገሮች በስምምነቱ ውስጥ እያሉ። አምስት ዓመት! ያም ሆኖ የሚያንኳኳበት በር ነበረው።

«ሳዑዲ አረቢያ ራሷ አልገባችበትም፤ ታዲያ ብንገባ ለጅዳው ልጅ ምን ይረባል?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለቶሮንቶዋ ልጅ ይረባ ነበር፤ ካናዳ ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዷ ናት። ለጅዳው ሌላ መንገድ ያስፈልጋል፤ መንገዱንም የቀደዱ አሉ። የእንግሊዝና የፓኪስታን ዳኞች በ2003 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተቀምጠው፣ ፓኪስታን ያን ጊዜ በስምምነቱ ውስጥ ሳትኖር፣ የተወሰደ ልጅ በመደበኛነት ወደሚኖርበት አገር ዳኛ እንዲመለስ ተስማምተዋል። አውስትራሊያ ከግብጽና ከሊባኖስ ጋር ለየብቻ ተዋውላለች። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2022 እ.ኤ.አ. እናታቸው ኦንታሪዮ ያስቀረቻቸው ሁለት ልጆች ወደ ዱባይ እንዲመለሱ ወስኗል፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በሔጉ ስምምነት ውስጥ አይደለችም፤ ዳኞቹም አምስት ለአራት ተከፍለው ነው። በውሳኔው ባንስማማ እንኳ ጉዳዩ ተሰምቷል።

በጣም የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። የዚያች ሴት ፍርድ የሸሪዓ ፍርድ ነው። እኛ ሐረር የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ሕፃን ክፉና ደጉን እስኪለይ ድረስ ከእናቱ ጋር ይሁን ይላል። ሳዑዲ አረቢያ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የቤተሰብ ሕግም ወላጆች ሲለያዩ ማሳደጉን በቅድሚያ ለእናት ይሰጣል። እዚህ ያለው ቃዲና እዚያ ያለው ዳኛ ቢገናኙ የሚጣሉበት ብዙ ነገር የላቸውም። የሚያገናኛቸው ወረቀት ብቻ ነው የጠፋው፤ ያንን ወረቀት መፈራረም ደግሞ የእናት ሥራ አይደለም፣ የመንግሥት ሥራ ነው።

እስከዚያ ድረስ ደጃፌ ለሚመጡ ሁሉ አንድ ነገር እነግራለሁ፤ ለእናቶች ብቻም አይደለም፣ ለአባቶችም። ስትፋቱ፣ ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ ልጁ ያለሁለታችሁ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ፍርድ ቤቱ እንዲያግድ ጠይቁ፤ ትእዛዙም ለኢሚግሬሽን ይድረስ። በልባችሁ አትያዙት። የጀጎል አምስቱ በሮች በአሚሮቹ ዘመን ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። የዛሬው በር ቦሌ ነው፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ስም ዝርዝሩ ላይ ያላየውን ልጅ አያስቆምም፤ «በሕግ አምላክ!» ብላችሁ ብትጮኹም ከሐረር አይሰማችሁም።

ባለፈው ሐምሌ የቶሮንቶዋ ልጅ መጣችብኝ። ብቻዋን ነበረች። አማርኛዋም ኦሮምኛዋም አሁን ጥሩ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የሔጉ ስምምነት ቢኖረን ኖሮም ዕድሜዋ አልፎታል። አባቷን የጻፈለት እኔ መሆኔን አላወቀችም፤ ወይም አውቃ ዝም ብላለች። «ጋሼ፣ ፓስፖርቴ ጊዜው አልፎበታል፣ እናቴ ዘንድ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለችኝ። ጻፍሁላት። ገንዘብ አልተቀበልሁም። ከላይ የምጽፈው «ለ» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቆምሁ፤ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደምጽፈው አላወቅሁም ነበርና ቦታውን ክፍት ትቼ ሰጠኋት።